ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ ፕላስቲክ

ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም ተብለን ተምረናል፤ የመብራት ሽቦ እንኳ የሚለብሰው እርሱን ነው። ነገር ግን በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነዳጅ የሚሞላበትን ጥቁር የጐማ ቱቦ የተመለከትን እንደ ሆነ፥ ትምህርታችን ገና ግማሽ መሆኑን እንረዳለን። ነዳጅ በቱቦ ውስጥ ሲሮጥ በመተሻሸት የኤሌክትሪክ ሙል ይጠራቀማል፤ ቀስ ብሎ የሚወጣበት መንገድ ካጣም በብልጭታ ይወጣል። ብልጭታና የነዳጅ ተን ሲገናኙ የሚሆነውን ለአንባቢያችን መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ጐማው ጥቂት ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ሆኖ ይሠራል።

ይህስ እንዴት ይሆናል? ነገሩ ያለው በድብልቁ ላይ ነው። ጥላሸት፥ ማለት የደቀቀ ካርቦን፥ ከጐማው ጋር ይለወሳል። መጀመሪያ ሲጨመር ይህ ነው የሚባል ለውጥ አይታይም፤ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ግን የማሳለፍ ኃይሉ በድንገት በሺህ፥ አንዳንዴም በሚሊዮን እጥፍ ይጨምራል። የቡልቡላን ወንዝ በድንጋይ ላይ እየረገጥን እንሻገር ብንል፥ ድንጋዮቹ ከዳር እስከ ዳር እስኪያያዙ ድረስ ዐሥሩም ሃያውም ከንቱ ነው፤ የመጨረሻው ሲጣል መንገዱ ይከፈታል። የካርቦኑም ቅንጣቶች እንዲሁ ናቸው።

ሆኖም ጥላሸት ሲበዛ ፕላስቲኩ ተሰባሪ ይሆናል፥ ቅርጽ ለማስያዝም ያስቸግራል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ እኛን የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችን እጅግ አስደንቆናል። እንደ ዘይትና ውሃ የማይዋሐዱ ሁለት ፕላስቲኮች፥ ለምሳሌ ፖሊኤቲሊንና ፖሊስታይሪን፥ ይቀላቀላሉ፤ ካርቦኑም በሁሉ ከመበተን ይልቅ በሁለቱ ወሰን ላይ እንዲሰለፍ ይደረጋል። በዚህም ከመቶ 1 እጅ ያነሰ ካርቦን መስመሩን ሊቀጥል ችሏል። አለመስማማታቸው ጠቀመ ማለት ነው!

ካርቦን ሳይጨመርበት የሚያሳልፍም አለ። ሺራካዋ፥ ማክዳያርሚድና ሂገር በ1977 እ.ኤ.አ. ፖሊአሴቲሊንን በአዮዲን አማካይነት ብዙ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ አደረጉ፤ በ2000 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ፖሊአሴቲሊን ግን አየር ሲነካው ይበላሻል። ከእርሱ ይልቅ የሚበረታውን ፖሊፒሮል የተባለውን፥ ሊግኒን ከሚባል የእንጨት ተረፈ ምርት ጋር በማዋሐድ ኤሌክትሪክ እንዲያጠራቅም ለማድረግ፥ የእኛው አራት ኪሎ የኬሚስትሪ መምህር ሽመልስ አድማሴ ከስዊድኑ ሊንሾፒንግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር ጥናት አሳትመዋል።

ወደ ቦሌ እንመለስና፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ገሚስ ያህሉ በካርቦን ክር የተጠናከረ ፕላስቲክና መሰሉ ነው። ይህ ገላ መብረቅን እንደ አሉሚኒየም አያሳልፍምና በልባሱ ውስጥ ስስ የመዳብ መረብ ተዘርግቶበታል። መዳብ ደግሞ ይከብዳል፤ መረቡን የሚተካ ድብልቅ ዛሬም በየላቦራቶሪው እየተፈለገ ነው።