ሦስተኛውን ራውተር ከመግዛትዎ በፊት

መካነ ሰላም ውስጥ የተለመደ ግቢ ነው። ከፊት ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ የሆነ ትልቁ ቤት አለ፤ ከጓሮ ማድ ቤቱና ዙሪያቸውን በቆርቆሮ የተመቱ የኪራይ ክፍሎች። ራውተሩ ሳሎን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል። ጓሮ የተከራየው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ «ዋይፋዩ አይደርሰኝም» ስላለ፣ አከራዩ ባለ ሁለት ፍሬ ሜሽ (ዋይፋዩን እርስ በርስ የሚቀባበሉ ራውተሮች) ገዝተው አንዱን ሳሎን፣ ሌላውን ተማሪው አልጋ ራስጌ ሰክተዋል። አሁን በተማሪው ስልክ ላይ ምልክቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ቪዲዮው ግን ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሦስተኛ ራውተር ይጨምራል። እባክዎ አይቸኩሉ። ስልክዎ ላይ የሚታየው ምልክት የሚናገረው ስልኩ አጠገቡ ካለው ራውተር ጋር እንዴት እንደተገናኘ ብቻ ነው። ያ ራውተር ከዋናው ምን እንደሚደርሰው፣ ዋናውም ከቴሌ መስመር ምን እንደሚያገኝ አይነግርዎትም። ችግሩ ከሦስቱ በአንዱ ላይ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ የሚወጣ ብር በከንቱ ይቀራል።

ከመስመሩ ይጀምሩ። ተውሰውም ቢሆን ላፕቶፕ ይፈልጉና ከዋናው ራውተር ጋር በኔትወርክ ኬብል ያገናኙ፤ ሌላው ተጠቃሚ ሁሉ ወጥቶ ፍጥነቱን ይለኩ። ጥቅልዎ 10 ሜጋቢት ከሆነ፣ ፋይል ሲያወርዱ የሚያዩት ቢበዛ በሰከንድ 1.25 ሜጋባይት ነው፤ 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ እንጂ ማንም አላጭበረበረዎትም። በኬብልም ከጥቅልዎ እጅግ ካነሰ ማታና ንጋት ደግመው ይለኩ፤ ቁጥሮቹን ይዘው ኢትዮ ቴሌኮምን በ994 ያነጋግሩ። ከውጭ ያልገባ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በሚተከል ዕቃ አይመጣም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ በሲም ካርድ ራውተር ለሚጠቀም ቤት የትኛውም ሜሽ መፍትሔ አልነበረም።

በኬብል ደህና ሆኖ በዋይፋይ ከተንቀራፈፈ ጥፋቱ ግቢዎ ውስጥ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም ቆርቆሮው ነው። ዋይፋይ የሬድዮ ሞገድ ነው፤ ብረት ደግሞ ሞገዱን አያሳልፍም፣ ወደ መጣበት ይመልሰዋል። ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሞገዱ የሚገባው በበር፣ በመስኮትና በክፍተት ነው። ድንጋይና ጭቃ ያሳልፋሉ፣ ግን ያደክሙታል፤ ግድግዳው ሲወፍር፣ ክረምት ገብቶ ሲርስ ደግሞ ይብሳል። ፈጣኑ 5 ጊጋኸርዝ ግድግዳ ላይ ቶሎ ይዝላል፤ 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ፍጥነቱ ግን ያንሳል።

እንግዲህ ሁለተኛውን ራውተር ምልክት በጠፋበት ክፍል መትከል አይጠቅምም። እሱ ራሱ ያልሰማውን ለሌላው ሊያቀብል አይችልም። ቦታው ዋናውን ገና አጥርቶ የሚሰማበት ነው፤ ለምሳሌ የትልቁ ቤት የጓሮ መስኮት ላይ፣ ከተማሪው በር ትይዩ። ሁለተኛውን ያጥፉ፣ ስልክዎ ላይ የዋይፋይ መለኪያ አፕ ይጫኑ፣ ያሰቡት ቦታ ላይ ቆመው የዋናውን ጉልበት ያንብቡ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ −65 አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ −80 ከሆነ ወደ ዋናው ይጠጉ። ዋናውንም ከቴሌቪዥን ጀርባ አውጥተው ከፍ ያድርጉት።

ብዛት የማይረዳበት ሌላም ምክንያት አለ። ርካሹ ሜሽ በተቀበለበት ሬድዮ መልሶ ስለሚያቀብል ሲሰማ መናገር፣ ሲናገር መስማት አይችልም። በእያንዳንዱ ቅብብል ፍጥነቱ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ሁነኛው መፍትሔ ሁለቱን በኔትወርክ ኬብል ማገናኘት ነው። እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ቆርቆሮውም አያግደውም፤ ሁለተኛው ራውተር ያኔ ተማሪው ክፍል ቢቀመጥ ችግር የለም። ለውጭ የተሠራውን ኬብል ይምረጡ፤ የቤት ውስጡ ፀሐይ ላይ ይሰነጠቃል። አደራ የምለው ግን መብረቁን ነው። በደጋ ክረምት ከቤት ቤት በአየር የተወጠረ የመዳብ ገመድ የመብረቅን ኃይል ወደ ሁለቱም ዕቃ ሊያደርስ ይችላል። ደመናው ሲከብድ፣ ነጎድጓዱ ሳይቀርብ፣ ኬብሉንም አዳፕተሩንም ይንቀሉ።

ኢንተርኔቱ የሚቋረጠው እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ከሆነስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ደካማ መስመር ላይ ቮልቴጁ ይወርድና ራውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ምጣዱ ሲሰካ የራውተሩን መብራቶች ልብ ብለው ይዩ፤ ሁሉም ጠፍተው እንደ አዲስ ከበሩ ጥፋቱ የዋይፋይ አይደለም። ለራውተር የሚሆን አነስተኛ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ይበቃል፤ ቮልቱ አዳፕተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን።

ይህን ሁሉ አይተው አዲስ ሜሽ መግዛት ግድ ከሆነ፣ ካርቶኑን ሱቅ ውስጥ አስከፍተው የሁለቱንም ፍሬ ጀርባ ይመልከቱ። የኬብል መሰኪያ የሌለውን፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ለቆርቆሮ ግቢ አይግዙ።