ሮዜሺያ በደጋ ፀሐይ፦ የአሸተን ማርያም መንገድ እንደ ማሳያ

ሮዜሺያ የፊትን መካከል የሚያቀላ፣ የሚለበልብና ብጉር መሰል ሽፍታ የሚያወጣ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ነው። በጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ስለማይጎላ ብዙ ጊዜ እንደ ብጉር ይታለፋል፤ ስለዚህ መርማሪው ስለ መለብለቡ ጭምር ሊጠይቅ ይገባል።

ከላሊበላ ተነሥቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ወደምትገኘው አሸተን ማርያም የሚወጣ ሕመምተኛ ፀሐይ፣ ነፋስና የዳገት ድካም የተባሉ ቀስቃሾች በአንድነት ያገኙታል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለሆነም በማለዳ መውጣት፣ ፊትን በጃንጥላ ወይም በሰፊ ባርኔጣ መከለልና የመከላከል መጠኑ ቢያንስ 30 የሆነ የፀሐይ መከላከያ መቀባት ይበጃል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ የሚቀባ የስቴሮይድ ቅባት ግን ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ሲቋረጥ ሕመሙን ያባብሳል። እንደ ሜትሮኒዳዞል ያለውን ቅባት ሐኪም ያዝዛል፤ ዓይን ከቀላ ወይም ከቆረቆረ ደግሞ ሳይዘገዩ መታየት ያሻል።