«ኔጋቲቭ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ጤና ጣቢያዎች ዛሬም የነፍሰ ጡሮችን ቂጥኝ በአርፒአር ካርድ ለምትመረምሩ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ በሽታው ጎልቶ ሳለ ካርዱ ዝም የሚልበት ጊዜ ነው።

አንድ አንቲቦዲ ቢያንስ ሁለት መያዣ አለው። በአንዱ አንዱን አንቲጂን፣ በሌላው ሌላውን ሲይዝ ያገናኛቸዋል፤ ግንኙነቱ ሲበዛ እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ ይተሳሰርና በዓይን ይታያል። በአርፒአር ጠቁሮ የሚጓጉለው አንቲጂኑ ውስጥ ያለው የከሰል ብናኝ ነው። መረቡ የሚሠራው ግን አንቲቦዲውና አንቲጂኑ ሲመጣጠኑ ብቻ ነው። ተመራማሪዎቹ ሃይድልበርገርና ኬንዳል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለክተው እንዳሳዩት፣ አንቲቦዲ ሲትረፈረፍ የአንቲጂኑ ቦታ ሁሉ በየፊናው ይያዛል፤ የሚያገናኝ አይኖርም። ፕሮዞን የምንለው ይኸው ነው። በተለይ በሁለተኛው የቂጥኝ ደረጃ፣ አንቲቦዲው እጅግ በሚበዛበት ወቅት ያጋጥማል።

ስለዚህ መዳፏና ውስጥ እግሯ ላይ ሽፍታ ያለባት ወይም ባሏ በሽታው የተገኘበት እናት ውጤት ኔጋቲቭ ሲሆን፣ አለዚያም ካርዱ ላይ ያለው ሸካራ መስሎ ሲያወላውላችሁ፣ ሴረሙን በኖርማል ሳላይን 1፡2፣ 1፡4 እያላችሁ እስከ 1፡16 አቅጥኑና ድገሙ። የሽፍታውንና የባሏን ነገር የምታውቀው ግን አዋላጇ ናት፤ የምርመራ መጠየቂያው ላይ እንድትጽፍላችሁ ተነጋገሩ።

ሙቀቱንም እዩ። ምርመራው ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል። የባሕር ዳር የታኅሣሥና የጥር ጠዋት ከዚያ በታች ስለሆነ ደካማውን ውጤት ይደብቃል፤ የሚያዝያ ቀትር ደግሞ ሊያልፈው ይችላል። ከፍሪጅ የወጣ አንቲጂን የክፍሉን ሙቀት ሳይይዝ አይነካ። ሮቴተሩ በደቂቃ 100 ጊዜ፣ ለ8 ደቂቃ ይዙር። መሃል ላይ መብራት ከጠፋ በእጅ እያወዛወዙ መጨረስን አልቀበልም፤ በአዲስ ካርድ ድገሙት። የማንጠባጠቢያው መርፌ በኪቱ መመሪያ የተጻፈውን ያህል፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊ ሊትር 60 ጠብታ፣ ማውጣቱንም ቁጠሩ። የሚቆጥር ሰው እምብዛም አይታይም፤ ጠብታው ከወፈረ ግን ሚዛኑ ከዚያው ይናጋል።

ፖዘቲቭ ሲመጣ፣ ወባ ሐሰተኛ ውጤት ሊያመጣ ስለሚችል፣ በትሬፖኒማ ምርመራ ይረጋገጥ፤ የነፍሰ ጡሯን ሕክምና ግን አያዘግይ። ከሕክምና በኋላ ክትትሉ በዚያው በአርፒአር ይሁን፤ የቪዲአርኤል ታይተር ከአርፒአር ጋር አይነጻጸርም። ከ1፡32 ወደ 1፡8 መውረድ እውነተኛ ለውጥ ነው። 1፡16 ላይ ከቆመ ግን የፒፔት ልዩነት ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ «ወርዷል» አትበሉት።