በነፍሰ ጡሮች ሆድ ላይ ስለሚወጣው ሸንተረር

በአንዋር መስጊድና በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ባሉት የመርካቶ ሱቆች ለቆዳ ውበት የሚሸጠው ቅባት ዓይነቱ ብዙ ነው። ከገዢዎቹም መካከል በሆዳቸው ላይ ሸንተረር የወጣባቸው ነፍሰ ጡሮች ስለሚገኙ፥ የሸንተረሩን ምክንያትና የቅባቶቹን ነገር ለመምህራንና ለቤተ ሰብ ኃላፊዎች ልንገልጽ ወደድን።

ቆዳችን ከላይ ስስ ሽፋን፥ ከሥሩም ወፍራም ንጣፍ አለው። ይህ የታችኛው ንጣፍ እንደ ሸማ ድርና ማግ በተያያዙ ክሮች የተሠራ ነው። ጽንሱ እያደገ ሆድ ሲወጠር፥ በእርግዝና ጊዜ የሚበዙት ሆርሞኖችም ክሮቹን ሲያላሉ፥ ክሮቹ በየስፍራው ይበጠሳሉ፤ የላይኛው ሽፋን ግን አይቀደድም። ስለዚህ ሸንተረሩ አይደማም፥ አያመግልም፥ ወደ ሌላ ሰውም አይተላለፍም። ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው ወር በኋላ በሆድ፥ በጡትና በጭን ላይ ይታያል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት እየደበዘዘ ይሄዳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። እናቷ የወጣባት ሴት እርሷም እንዲወጣባት የሚያሰጋ ሲሆን፥ «ስላከከችው ነው» እያሉ የሚወቅሷት ያለ ጥፋቷ ነው።

እናቶቻችን ሆዳቸውን ቅቤ ይቀቡ ነበር። ቅቤ የቆዳን ድርቀት ያለዝባል፤ ሸንተረርን ግን አይከለክልም። የሕክምና ጥናቶችን የሚያገናዝበው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.አ.አ. በ2012 ዓ.ም. 800 ሴቶች የተካፈሉባቸውን 6 ሙከራዎች መርምሮ፥ ሸንተረርን እንደሚከላከል በበቂ ማስረጃ የተረጋገጠ ቅባት አላገኘም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ በሆነ ነበር። የምንፈራው ግን ቆዳ ያቀላሉ፥ ጠባሳ ያጠፋሉ ተብለው የሚሸጡትን ነው። ከነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ ክሎቤታሶል የተባለው ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት ይገኛል፤ ይህም ለብዙ ጊዜ ሲቀቡት ቆዳን እያሳሳ ራሱ ሸንተረር ያወጣል! በሌሎቹም ሜርኩሪ ይገባል። ሜርኩሪ በቆዳ አልፎ ወደ ደም፥ ከደምም ወደ ጽንሱ ስለሚደርስ የእናቲቱን ኩላሊትና የሕፃኑን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበትን ቅባት ነፍሰ ጡር ከቶ አትቀባ።

ሆድ ሲወጠር መጠነኛ ማሳከክ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሽፍታ ሳይኖር መዳፍንና የውስጥ እግርን የሚበላና ሌሊት የሚብስ ማሳከክ የጉበት ሕመም ምልክት ሊሆን፥ ጽንሱንም ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ስሜት የተሰማት ነፍሰ ጡር ቅባት ፍለጋ ወደ ገበያ ሳትወጣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ትሂድ፤ እስከዚያም ስትቀባው የቆየችው ነገር ካለ ከነዕቃው ይዛ ለአዋላጅ ነርሷ ታሳይ።