የነዳጅ ፓምፕ ከመቀየርዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቪትዝዎ ወይም ኮሮላዎ ወረታ መሃል ሞተሪኖው እየዞረ አልነሳ ቢልዎ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት «ፓምፑ ሄዷል» የሚል ሰው አያጡም። ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን ፓምፑ ሳይፈተሽ ተፈርዶበት፣ አዲስ ተገዝቶ ተገጥሞ፣ መኪናው ዛሬም እንደ ትናንቱ አልነሳ የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና አስታሞ መያዝ ግድ ሆኗል። ስለዚህ ገንዘብ ከኪስዎ ከመውጣቱ በፊት ርካሹን ከውዱ አስቀድመው ይፈትሹ። ይህ ጽሑፍ ቤንዚን በኢንጀክተር ለሚረጩ መኪኖች ነው። የኢሱዙና የሌሎች ናፍጣዎች ነገር ሌላ ነው፤ የካርቡራተር ባጃጅም እንዲሁ።

የድሮው የካርቡራተር ፓምፕ ቤንዚን ገፋ አድርጎ ካደረሰ ይበቃው ነበር። የኢንጀክተር መኪና ፓምፕ ግን ሰልባትዮው ውስጥ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በብዙ ቶዮታዎች ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ የሚደርስ ግፊት መስጠት አለበት። የሚቀዘቅዘውም በዙሪያው ባለው ቤንዚን ነው። ሁልጊዜ የነዳጅ መብራት እየበራበት የሚነዳ ሰው ፓምፑን እየጠበሰው ነው። ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ይህን መምከር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢቻል ግን ከሩብ በታች አይውረድ።

መጀመሪያ ሞተሪኖው ይዞራል? ካልዞረ ጉዳዩ የባትሪ ወይም የሞተሪኖ ነው፤ ፓምፑን ይተዉት። እየዞረ ካልተነሳ ያዳምጡ። አንድ ሰው ከኋላ ወንበር ጆሮውን ጣል ያድርግ፣ እርስዎ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ብቻ ይክፈቱ። ጤነኛ ፓምፕ ለሁለት ሰከንድ ያህል «ዝዝዝ» ብሎ ዝም ይላል። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ ቶዮታዎች ቁልፍ ሲከፈት ምንም ድምፅ አያሰሙም። ፓምፓቸው የሚሠራው ሞተሪኖው ሲዞር ብቻ ነው። እነዚህ ኮፈኑ ስር ክዳን ያለው የመመርመሪያ ሳጥን አላቸው፤ «ኤፍፒ» እና «ፕላስ ቢ» የተባሉት ሁለቱ ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ተገናኝተው ቁልፉ ሲከፈት ፓምፑ ይነሳል። ይህን የሚያውቅ መካኒክ ካገኙ ስልኩን ይያዙ።

ድምፅ ከሌለ «ሞቷል» ለማለት ገና ነው። የፊውዝ ሳጥኑ ክዳን ላይ «ኢኤፍአይ» የሚለውን ፊውዝ አውጥተው ይዩ። ቀጥሎ ሪሌውን ይዩ፤ ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ዓይነት ከሆነ የጡሩምባውን ሪሌ አውጥቶ ለጊዜው በቦታው መሞከር ይቻላል። ፊውዙ ተቀይሮ እንደገና ከተቃጠለ ሦስተኛ አይክተቱ፤ ሽቦው አንድ ቦታ ከአካሉ ጋር ተነካክቷል፣ ወይም ፓምፑ ተጨናንቆ ብዙ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው።

ከዚያ ወደ ፓምፑ ሶኬት። በብዙዎቹ የቤት መኪኖች የኋላ ወንበሩ ሲነሳ ክብ ክዳን ይገኛል፣ ሶኬቱ እሱ ስር ነው። የፎገራ ሰው በተለይ እዚህ ላይ አይቸኩል። የርብና የጉማራ ወንዞች ሐምሌና ነሐሴ ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ይተኛበታል፤ መኪናው ወለሉ ድረስ ረጥቦ ከነበረ ሶኬቱ ሲነቀል ፒኖቹ ላይ አረንጓዴ ዱቄት ያገኛሉ። ዱቄቱ የመዳብ ዝገት ነው። ክረምት የረጠበው ሶኬት ሩዙ ከታጨደ በኋላ ኅዳር ላይ ነው መኪናውን መንገድ ላይ የሚያስቀረው። በቴስተር ሲለካ ሞተሪኖው እየዞረ ሶኬቱ ላይ የሚደርሰው ቮልት ባትሪው ላይ ካለው ከ1 ቮልት በላይ ካነሰ ፓምፑ ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የመሬት መስመሩ ነው። ቮልቱ ሙሉ ሆኖ መሬቱም ደህና ሆኖ ፓምፑ ዝም ካለ፣ ያኔ ፍርዱን መስጠት ይቻላል። ሰልባትዮው ከስር በጎማ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ የሚነሳ ከሆነም ፓምፑ ዕድሜው አልቋል፤ ቤትዎ ያድርስዎት እንጂ ረጅም መንገድ አይውጡበት።

ድምፅ እያለ ጉልበት ከሌለስ? ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ከ1,800 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,700 ይደርሳል። በዚሁ መንገድ አለም ሳጋን ሲወጡ ትንሽ ጉልበት መቀነስ የከፍታው ነው፣ አየሩ ይሳሳል። ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ሲደክም ግን ነዳጅ ሲረገጥ መኪናው ያስላል፣ እግር ሲነሳለት ይስተካከላል። የታፈነ ማርሚታም ጉልበት ያሳጣል፤ ስለዚህ ዳገት ብቻውን ምስክር አይሆንም። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሲያቀኑ በጎርባጣው ላይ ብቻ የሚያስል ከሆነ መጀመሪያ የነዳጁን መጠን ይዩ፤ ነዳጁ ሊያልቅ ሲል ፓምፑ አየር ይስባል።

ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪና ሁለት ተጠርጣሪዎች አሉት፤ አንዱ ፓምፑ፣ ሌላው የክራንክ ሴንሰር። በጠፋበት ሰዓት ካንዴላው እሳት ይሰጣል? ከሰጠ ወደ ነዳጁ ይሂዱ። ካልሰጠ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ቤንዚኑን ራሱን መፈተሽ ምንም አያስወጣም፣ የሚፈትሽ ግን ጥቂት ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቀድተው ከሆነ፣ ትንሽ በንጹሕ ጠርሙስ ቀድተው አንድ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ውኃ ካለበት ከስር መስመር ሠርቶ ይለያል፤ ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሰልባትዮው ውስጥም የሚተኛው ፓምፑ በሚስብበት ወለል ላይ ነው። ነጭ ጋዝ ግን ከቤንዚን ጋር ስለሚዋሃድ በዚህ መንገድ አይለይም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ያድርጉት፤ ደህና ቤንዚን ይተናል፣ ጋዝ የገባበት ቅባት ይተዋል።

ይህ ሁሉ አልፎ ጥርጣሬው ፓምፑ ላይ ከቀረ፣ ጋራዡን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ «የነዳጅ ግፊት መለኪያ ጌጅ አላችሁ?» ከሌላቸው ሌላ ጋራዥ ይፈልጉ፣ ባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የተለካው ግፊት ከአምራቹ ቁጥር በታች ከሆነ ፊልትሮውና መስመሩ አለመታፈናቸው ተረጋግጦ ፓምፑ ይቀየር። ሞተሩ ሲጠፋ ግፊቱ ወዲያው ዜሮ ከወረደ የፓምፑ ቫልቭ ወይም የሚያፈስ ኢንጀክተር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሦስት ጊዜ ቁልፍ ካልተከፈተ አልነሳ የሚለውም ለዚሁ ነው።

ሥራው ሲጀመር የፓምፑ ሶኬት ተነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ይሥራ፣ ግፊቱ ይውጣ፤ ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይነቀል። ሲጋራና የቡና ከሰል ከአጠገቡ ይራቁ፤ ይህን እንደ ቀልድ የሚወስድ ጋራዥ አይቻለሁ። ዕቃው በሻንሲ ቁጥሩ ይገዛ፣ የፓምፑ ወንፊትና የክዳኑ ጎማ አብረው ይቀየሩ፣ አሮጌው ፓምፕ ለእርስዎ ይመለስ። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊትም ጌጁ እንደገና ይተከል፤ ቁጥሩን በዓይንዎ ይዩና ይክፈሉ።