የጎደለ ጉንጭና የሚያየው ዓይን



ምእመናን፣ ዛሬ የምንማረው በወረቀት ተጽፎ ከመጣ ጥያቄ ተነሥተን ነው። ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፤ እህቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ጉንጯን በመርፌ አስሞልታ መጣች፣ ፊለር ይሉታል፣ እናታችን አለቀሰች፣ ጎረቤቱም መነጋገሪያ አደረጋት፤ ኃጢአት ነው ወይ? መቁረብስ ትችላለች? ከፍኖተ ሰላምም ከቡሬም ከጃቢ ጠህናን ገጠርም የመጣችሁ አላችሁ። ለግማሻችሁ ነገሩ እንግዳ ነው፤ ለግማሻችሁ ደግሞ በስልካችሁ በየቀኑ የምታዩት ነው። ስለዚህ ቀስ ብለን እንሂድ።

መጀመሪያ ነገሩን እንወቀው፤ ሳያውቁ ማውገዝ ከመምህር አይጠበቅምና። ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከጉንጩ ሥር ያለው ስብ ይሳሳል፣ ዝቅም ይላል፤ የፊት አጥንቱም ቢሆን ይቀንሳል። የመንጋጋ ጥርሱ ያለቀበት ሰው ጉንጩ ቶሎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ለእርሱ የሚሻለው ሰው ሠራሽ ጥርስ እንጂ መርፌ አይደለም። ፊለር የሚሉት እንደ ጄል ያለ ነገር ሆኖ በመርፌ ከቆዳ ሥር፣ አንዳንዴም እስከ አጥንቱ አጠገብ ገብቶ የጎደለውን ቦታ ይይዛል። አብዛኛው የሚሠራው ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባል፣ በገዛ ሰውነታችንም ውስጥ ካለ፣ ውኃ ከሚስብ ነገር ነው። እስከ መጨረሻው አይቆይም፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ጊዜ ሰውነት ራሱ ያሟሟዋል። የእንስሳ ነገር ካለበት ጾም አያስገድፍም ወይ የሚል ሰው አይጠፋም። ድሮ ከአውራ ዶሮ ራስ ላይ ካለው ቀይ ሥጋ የሚወጣ ነበር፤ ዛሬ ግን በአብዛኛው የሚመረተው በባክቴሪያ ነው። በመርፌ የገባም መብል አይባልም። ይህን እዚህ ላይ እንተወው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ሰው በአርአያ ሥላሴ ተፈጠረ ስንል አርአያው የት ነው? አባቶቻችን በነፍስ ያስተምሩናል፤ ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ። ልብ የአብ፣ ቃል የወልድ፣ እስትንፋስ የመንፈስ ቅዱስ ምሳሌ ነው። ሥጋ ደግሞ ከአራቱ ባሕርያት፣ ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት የተሠራ ነው። እንግዲህ ጉንጩ የጎደለ ሰው አርአያው አልጎደለበትም፤ ያስሞላም በአርአያው ላይ የጨመረው የለም። ይህን ይዞ ግን ሥጋ እርባና ቢስ ነው፣ እንዳሻው ይሁን የሚል ቢኖር ከተዋሕዶ ትምህርት ወጥቷል። ወልድ የተዋሐደው ይህንኑ ሥጋ ነው። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ስትጠመቅ ግንባሯና ዓይኗ፣ ጆሮዋና አፏ በሜሮን ይታተማል። በትንሣኤ ሙታን የሚነሣውም ሌላ ሥጋ አይደለም። ስለዚህ ፊት አይመለክም፣ አይናቅምም፤ ጥያቄያችን በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለ ነው።

ከባዱን ምስክር አልሸሽግም። መጽሐፈ ሄኖክን የምናነብ እኛ ነን፤ በምዕራፍ 8 አዛዝኤል ለሰው ልጆች ክፉ ጥበብን እንዳስተማረ ይናገራል፤ ከዚያም ውስጥ ዓይን መኳልና ቅንድብ ማሳመር አለበት። ዲድስቅልያ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት መጽሐፍም ሴት እግዚአብሔር የሠራውን ፊት በቀለም እንዳትቀባ ይከለክላል። ብዙ ሰባኪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኛ ግን ጥቂት እንቀጥል። በዚያው በሄኖክ ምዕራፍ አዛዝኤል ከኩሉ አስቀድሞ ያስተማረው ሰይፍና ቢላዋ፣ ጋሻና ጥሩር መሥራትን ነው። ታዲያ በየቤታችን ቢላዋ አለ፤ በቢላዋ ሽንኩርት የከተፈችን እናት የገሠጸ ካህን አላየሁም። ኩል የተኳለች ልጅ ግን ስንት ተግሣጽ ሰምታለች! ዲድስቅልያም ቢሆን ምክሩን የሚጀምረው ከወንዱ ነው፤ ወንዱ ሌላይቱን ሴት ለማጥመድ ጸጉሩን እንዳያሳምር፣ በልብስና በቀለበት እንዳያጌጥ ካስጠነቀቀ በኋላ ወደ ሴቷ ይመጣል። የሁለቱም ክስ አንድ ነው፤ የሰውን ዓይን ለዝሙት መጥራት። መጽሐፉ የሚመረምረው ዓላማውን ነው።

ይህን በሁለት ሴቶች እዩት። ኤልዛቤል ኢዩ ወደ ኢይዝራኤል ሲመጣ ዓይኗን ተኩላ፣ ራሷን አሳምራ በመስኮት ተመለከተች። ዮዲትም የመበለትነት ልብሷን አውልቃ፣ ታጥባ፣ ሽቱ ተቀብታ፣ ጌጧን ሁሉ አድርጋ ወደ ሆሎፎርኒስ ሰፈር ወረደች። የሁለቱ መዋብ በውጭ ሲታይ ያን ያህል አይለያይም። አንዷ ግን በክፋቷ ስትወቀስ ትኖራለች፤ ሌላዋ ሕዝቧን አድና ትመሰገናለች። መቼም ጉንጭ ማስሞላት እንደ ዮዲት ሥራ ነው አላልኩም። ከቅባቱና ከመርፌው በስተጀርባ ያለውን ሐሳብ ሳይጠይቁ ፍርድ መስጠት እንደማይቻል ግን ከዚህ እንማራለን።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጉዳዩ ከአገራችን ሕመም ጋር ይገናኛልና። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በኢትዮጵያ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በብዛት ከሚሰጡት አንዱ ስታቩዲን የሚባል ነበር። ሰውን ከሞት አፋፍ መለሰ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ቆይቶ ከአንዳንዱ ሰው ፊት፣ ክንድና እግር ላይ ስቡን ያሟጥጥ ነበር። የታማሚው ክብደት ተመልሶ፣ ጉልበቱ ጸንቶ፣ ጉንጩ ብቻ እንደ ጎደጎደ ይቀራል። ሰውየው ድኗል፤ ፊቱ ግን ለሰፈሩ ሌላ ወሬ ያወራበታል። ገበያ ሲወጣ "ከሳ" ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዘመድ እንዳያየው ርቆ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲተዉት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

አሁን ልብ በሉ። የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስካልፕትራ የተባለውን የፊት ሙሌት መርፌ እ.ኤ.አ. በ2004 የፈቀደው ለእነዚሁ ለኤች አይ ቪ ሕሙማን ነበር። በዕድሜ ለጎደለ ጉንጭ ቮሉማ የተባለው ጄል የተፈቀደው ከ9 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው። በጉንጭ ሙሌት ሕመምተኛው ከቆንጆዋ ቀድሞ ነበር ማለት ነው። ያ ሰው ጉንጩ ቢሞላለት በጎረቤቱ ዓይን ፊት ቀና ብሎ ይሄዳል። ይህን ከንቱ ውበት ብሎ የሚጠራው ማን ነው? ከአፍ ጀምሮ ጉንጭንና አጥንትን የሚበላው ኖማ የሚባለው በሽታም አለ፤ በምግብ እጥረት የተጎዱ ትንንሽ ልጆችን ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ጋር መዝግቦታል። ከበሽታው የተረፉትን ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ በቀዶ ጥገና ጉንጭ እየሠሩላቸው ወደ ቤተሰባቸው መልሰዋል። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብሩ፣ እርሱንም የፈጠረው ልዑል ነው ብሎ የሚያስተምረው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. በእንጦጦ ጸበሉና የኤች አይ ቪ መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ለሕዝቡ ተናግረዋል። ያን ጊዜ ጸበል ገብቻለሁና መድኃኒቱን ተውኩ የሚል ብዙ ሕዝብ ነበር፤ ቃሉ ነፍስ አትርፏል ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያን ስለ ጉንጭ ስትጠየቅ አስቀድማ የምትመረምረው ጉንጩን ሳይሆን የሚያየውን ዓይን ነው። ሳሙኤል ነቢይ ሆኖ ሳለ በእሴይ ቤት የኤልያብን መልክና ቁመት አይቶ ተሳስቷል፤ እግዚአብሔር የሚያየው ልብን እንደሆነ የተነገረው ያን ጊዜ ነው። ነቢይ ፊት አይቶ ከተሳሳተ፣ በቡሬ ገበያ በርበሬ እየሰፈርን የሰው ፊት አይተን የምንፈርድ እኛ ምን ያህል እንሳሳት ይሆን?

ይህ ዓይን በጾምም ይሳሳታል። እኛ ጋ የሁዳዴ 55 ቀን ሲገባደድ ጉንጩ የገባን ሰው እንደ ጻድቅ የማየት ልማድ አለ፤ ፊቷ የሞላ ሴት ደግሞ "ጾሙን አልጾመችም" ትባላለች። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ያስተማረው ግን ተቃራኒውን ነው። የሚጾም ሰው ፊቱን ይታጠብ፣ ራሱንም ይቀባ፤ ጾሙን ሰው እንዳያውቅበት። ይህን ስታስተውሉ ትገረማላችሁ፤ በወንጌል ፊትን አጠውልጎ መታየት እንደ ግብዝነት ተቆጥሯል። የከሳ ጉንጭ የቅድስና ማኅተም ካልሆነ፣ የሞላ ጉንጭም የኃጢአት ማኅተም አይሆንም። ለመክሳቱ የሚኮራ መነኩሴና ለመሙላቱ የሚኮራ ሰው፣ ሁለቱም የሰውን ዓይን ለምነው የሚኖሩ ናቸው።

እንግዲህ ለእህታችን ምን እንላለን? ሦስት ነገር እንጠይቃታለን፤ ለመክሰስ ሳይሆን ራሷን እንድትመረምር። ይህን ያደረገችው በሕመም ወይም በድካም ያጣችውን ለመመለስ ነው? ባዕድ ቤት ሌሊት ከቀን ስትሠራ ፊቷ የተጎዳ ልጅ አገሯ ስትገባ እናቷ እንዳትደነግጥ ብላ ከሆነ፣ ቤት ለዘመን መለወጫ እንደሚመረግ ያለ ነው፤ አልፈርድባትም። ወይስ ፈጣሪዋ የሰጣትን መልክ ጠልታ፣ የሌላይቱን ፊት ተመኝታ? ይህ ሕመም ነው፤ መርፌም አያድነውም፤ አንዱ ጄል ሲሟሟ ሌላ እያስወጋ፣ ደመወዝን እየበላ ይኖራል። ሦስተኛው፣ ሰውን ለማሳት ነው? ለዚህ መልሱን ዲድስቅልያ ሰጥቶናል።

የሥጋውንም አደጋ ልናገር፤ ሥጋችሁን መጠበቅ ትእዛዝ ነውና። ጄሉ ስቶ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ደሙን ይዘጋል፤ ቆዳ ሊሞት ይችላል፤ በጥቂቱም ቢሆን ዓይን ያጠፋበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሃያሉሮኒክ አሲዱን የሚያሟሟው መድኃኒት በሐኪሙ እጅ መገኘት አለበት። ፈሳሽ ሲሊኮን የወጉት ሰው ግን የሚያሟሟ መድኃኒት የለውም። በመርፌ ምትክ በግፊት ጄል ያስገባል የሚባለውን እስክሪብቶ መሳይ መሣሪያም ያው የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ሕዝቡን አስጠንቅቆበታል። በጸጉር ቤት ወንበር ላይ፣ በማይታወቅ ብልቃጥ፣ ሐኪም ባልሆነ ሰው እጅ ፊትን መስጠት ድፍረት ነው።

መቁረብን በተመለከተ፣ ጄሉን አስወጥታ ትምጣ የሚል ሥርዓት የለም። ለንስሐ አባቷ ሐሳቧን ሳትደብቅ ትናገር፤ እርሳቸው የሚሏትን ትስማ። እናቷም ማልቀሷን ትታ ልጇ እዚያ ስንት ዓመት እንዴት እንደኖረች ትጠይቃት።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል፤ ፊለር የመውጋትን ሥራ ይዛ የምትተዳደረው እህትስ? የተማረች፣ ፈቃድ ያላት የጤና ባለሙያ ከሆነች፣ ጉዳቱን ሳትሸሽግ ከነገረች፣ መልኳን የጠላች ልጅ ስትመጣባት እንቢ የማለት ድፍረት ካላት እንጀራዋ ንጹሕ ነው። ሳትማር በሰው ፊት ላይ የምትወጋ ግን ገንዘቡን ለባለቤቶቹ መልሳ ትምጣ።