የመስክ መኪና እንክብካቤ፦ አቧራን፣ ውኃንና ሙቀትን መከላከል

መግቢያ

የዘርና የማዳበሪያ ሥርጭት በወቅቱ ካልተከናወነ ዋጋ የለውም። ለስንዴ በማቆጥቆጫው ጊዜ መጨመር የሚገባው ዩሪያ፣ መኪናው ጋራዥ በመቆሙ ምክንያት ቢዘገይ፣ ዘግይቶ የደረሰው ማዳበሪያ የታሰበውን ምርት አያስገኝም። ስለሆነም የመስክ መኪና እንደ ማረሻና እንደ መርጫ መሣሪያ ሁሉ ከእርሻ መሣሪያዎች አንዱ ሆኖ መታየት አለበት።

ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ያለ መካኒክ እርዳታ ሊያከናውኑት የሚችሉትን ሥራ ያስረዳል። በምሳሌነት የተወሰደው በአገራችን ገጠር በብዛት የሚታየው ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ያለው የ70 ተከታታይ ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው። ሌላ ዓይነት መኪና ያላቸው አንባብያን መሠረታዊ አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ልኩን ብቻ ከመኪናቸው መመሪያ መጽሐፍ ይመልከቱ።

በመስክ ላይ ሞተርን የሚጎዱት ዋና ዋና ጠላቶች ሦስት ናቸው። እነርሱም አቧራ፣ ውኃና ሙቀት ናቸው።

1. አቧራ

የናፍጣ ሞተር በእሳት ብልጭታ አይነሳም። አየሩን በኃይል አምቆ ካጋለው በኋላ የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። የሚገባው አየር አቧራ ከያዘ ፒስተኑንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። በዚህ ጊዜ እመቃው ይደክማል፤ ሞተሩ ጠዋት አልነሳ ይላል፤ ዘይት እያቃጠለም ሰማያዊ ጢስ ያወጣል።

ሀ/ የአየር ፊልትሮው ወረቀት ሲቆሽሽ በኮምፕሬሰር ከውስጥ ወደ ውጭ ይነፋል። ኃይሉ ከ2 ባር መብለጥ የለበትም። ወረቀቱን በቤንዚን ማጠብ ወይም ድንጋይ ላይ መምታት አይገባም።

ለ/ ከተነፋ በኋላ በውስጡ የእጅ ባትሪ አብርቶ ከውጭ መመልከት ያስፈልጋል። የብርሃን ነጥብ ከታየ ወረቀቱ ተቀዷልና መለወጥ አለበት።

ሐ/ ከፊልትሮው እስከ ሞተሩ ያለው ጎማ ያልተሰነጠቀ፣ ማሰሪያውም የጠበቀ መሆኑን ማረጋገጥ ይገባል። ስንጥቅ ካለ አዲስ ፊልትሮ ቢገባም አይጠቅምም።

መ/ ፊልትሮውን ያለ ምክንያት በየቀኑ መክፈት አይመከርም። በተከፈተ ቁጥር አቧራ ወደ ንጹሑ ወገን ሊገባ ይችላል።

2. በናፍጣ ውስጥ የሚገባ ውኃ

በርሜል ጎደል ብሎ ሲቆም በሌሊት ቅዝቃዜ ውስጡ ያልበዋል። ውኃው ከናፍጣ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል። የናፍጣው ፖምፓ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ፣ ውኃ ሲገባበት ይዝጋል፤ ይጣበቃልም። ጥገናው እጅግ ውድ ነው።

ለመከላከል፦
ሀ/ የተጓጓዘ በርሜል ቢያንስ አንድ ሌሊት ሳይነቃነቅ ይቆይ። ሲቀዳም የመጨረሻው ዝቃጭ ይተው።
ለ/ ታንከሩ ጠዋት ሳይሆን ማታ ከሥራ መልስ ይሞላ። የሞላ ታንከር ለላበት ቦታ አይሰጥም።
ሐ/ በየሳምንቱ ከናፍጣ ፊልትሮው በታች ያለውን የውኃ ማውጫ ላላ አድርጎ በዕቃ መቀበልና ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ መጠበቅ ያስፈልጋል።
መ/ ናፍጣ አልቆ መኪናው ከቆመ አየር ስለሚገባ፣ ከተሞላ በኋላ በፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ደጋግሞ መጫን ይገባል።

3. ሙቀት

በባሕር ወለል ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህን ጉድለት የሚያካክሰው የራዲያተሩ ክዳን በሚፈጥረው ግፊት ነው። ስለዚህ ላስቲኩ ያረጀ ክዳን በደጋ አገር ሞተር ያስፈላል።

በራዲያተሩ ላይ የሚለጠፈው ጭድና የሣር ፍሬ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ውኃ በዝግታ በማፍሰስ ይወገዳል። የፋኑ ቺንጋ በአውራ ጣት ሲጫኑት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢረግብ ደህና ነው።

ሞተሩ ከፈላ መኪናውን ማቆም፣ ሞተሩን ማጥፋትና ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሳይበርድ ክዳን መክፈት ፊትንና እጅን ያቃጥላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመርም ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

4. የጠዋት ምርመራ

ሞተሩ ሳይነሳ በ10 ደቂቃ የሚከተሉት ይታያሉ፦
- የሞተር ዘይት፦ መኪናው በሜዳ ቆሞ፣ ልኩ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ዘይቱ መጥቆሩ ያለ ነው፤ ወተት ከመሰለ ግን ውኃ ገብቶበታልና ሞተሩ አይነሳ።
- የራዲያተር ውኃና የፍሬን ዘይት መጠን።
- የጎማ ንፋስ ሳይሞቅ፣ እንዲሁም የጎማ ዳዶዎች ጥብቀት።
- ከመኪናው ሥር የተንጠባጠበ ነገር።

በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና የሞተር ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይለወጣል። የተቃጠለ ዘይት በጉድጓድ ውኃ ወይም በማሳ አጠገብ መድፋት አይገባም። ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፈረንሲያሉ ዘይት ወተት አለመምሰሉን ማየት ይጠቅማል። በደረቅ አስፋልት ላይ በአራቱም ጎማ መንዳት ማርሾቹን ስለሚያጨናንቅ መተው አለበት።

5. ለመካኒክ የሚተው ሥራ

የናፍጣ ፖምፓ፣ የመሪና የፍሬን ውስጣዊ ክፍሎች በመስክ አይፈቱ። የጊዜ ቺንጋው በዚህ ሞተር በ100,000 ኪሎ ሜትር መለወጥ ስላለበት፣ ቀጠሮው አስቀድሞ ይያዝ። ቢበጠስ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ።

ጎማ ሲለወጥ ሌሎቹ ጎማዎች በድንጋይ ይደገፉ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም።

ማጠቃለያ

ማኅበሩ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መዝገብ ይክፈት። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተጨመረው ዘይትና ውኃ፣ የተሠራውም ሥራ ይጻፍበት፤ ሾፌሩ ሲለወጥ መዝገቡ ለተተኪው ይተላለፍ። በየሳምንቱ ዘይት የሚጨመርበት ወይም ውኃ የሚጎድልበት መኪና ሕመሙ በመዝገቡ ቀድሞ ይታወቃል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሙሉ ምርመራውና ጥገናው በግንቦት ቢጠናቀቅ መኪናው ለሰኔና ለሐምሌ ሥራ ዝግጁ ይሆናል።